ስካኑ 90.31 ሲል ስንት እንሥራ?

ከአዘዞ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። ከአባቴ ጋር የቶርኖ ቤት አለን። ከአንድ ወፍጮ ቤት ጆሮው የተሰበረ የኩሽኔታ ቤት አመጡልን። ካስት አይረን ስለሆነ ብንበይደውም መልሶ ተሰነጠቀ። አዲስ አበባ ልከን በሦስት ዳይሜንሽን ስካን አስደረግነውና 60 ሜጋባይት የሆነ ኤስቲኤል ፋይል ሰጡን። ፍሪካድ በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ወደ ሶሊድ (ልኩ ሊለወጥ ወደሚችል ድፍን ሞዴል) ቀይረው ስለው ላፕቶፑ ይደርቃል። አንድ ሌሊት ትቼው አድሬ ተሳካልኝ፤ ግን ቀዳዳውን እንኳ ማስፋትም ማጥበብም አልቻልኩም። የኩሽኔታው መቀመጫ ስካኑ ላይ ሲለካ 90.31 ሚሊሜትር ነው። ኩሽኔታው 6308 ነው። በዚሁ ልሥራው? ትክክለኛውን ሶሊድ እንዴት ላግኝ?»

ወንድሜ፣ ከቁጥሩ ልጀምር። በ90.31 እንዳትሠራው። 6308 ኩሽኔታ የትኛውም ፋብሪካ ይሥራው የውስጡ 40፣ የውጩ 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊሜትር ነው። ለ90 ሚሊሜትር ኩሽኔታ የተዘጋጀ ቤት 90.31 ሆኖ ከፋብሪካ አይወጣም። ቺንጋው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን በሚስብበት እንዲህ ባለ ማሽን ላይ የተለመደው ልክ 90 ኤች7 ነው፤ ከ90.000 እስከ 90.035 ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሩብ ሚሊሜትር ከምናምን የመጣው ኩሽኔታው ላልቶ ቤቱ ውስጥ ሲዞር ብረቱን እየበላው ነው። በዚያው ልክ አዲስ ቤት ብትሠራ አዲሱ ኩሽኔታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዞራል፣ ይግላል፣ ሰውየውም ተመልሶ ደጃችሁ ይመጣል።

ስካነሩ ግን አልተሳሳተም። ይህ ብረት ዛሬ ምን ይመስላል ተብሎ ተጠየቀ፣ መለሰ። አንተ የምትፈልገው ብረቱ ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት ምን እንዲሆን ታስቦ እንደነበር ነው። ከዛሬው መልክ ተነስቶ ወደዚያ ሐሳብ መድረስ የሰው ሥራ ነው፤ ሶሊድ ሞዴሉ ላይ የሚሰፍረውም ያ ሐሳብ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭነህ የማታገኘው ለዚህ ነው።

እዚሁ ጎንደር ያለ ምሳሌ ላንሳ። ከፋሲል ግቢ አንዱን ግንብ ስካን ብናደርግ የተሸረሸረው ድንጋይ፣ ያዘመመው ግድግዳ፣ የተሰነጠቀው ቅስት ሁሉ እንዳለ መቀመጥ አለበት። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ከነዕድሜው ነው የተመዘገበው። ግድግዳውን ኮምፒውተር ላይ አቃንቶ የሚያስረክብ ሰው መረጃውን አበላሸ እንጂ አላስተካከለም። እዚያ ሜሹ፣ ስካነሩ የሚያወጣው የሦስት ማዕዘኖች መረብ፣ ራሱ የመጨረሻው ውጤት ነው። የአንተ የኩሽኔታ ቤት ላይ ያለው ዕድሜ ግን ማሽኑን ያቆመው በሽታ ስለሆነ ወደ አዲሱ እንዳይተላለፍ ለይተህ ማውጣት አለብህ። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ መሣሪያ ስለሚጀመሩ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል።

ላፕቶፑ ለምን እንደሚደርቅ ላስረዳህ። ኤስቲኤል እ.ኤ.አ. በ1987 ለሦስት ዳይሜንሽን ማተሚያ ተብሎ የተፈጠረ ፋይል ነው፤ ውስጡ ከሦስት ማዕዘኖች በስተቀር ምንም የለም። ብዙ ስካነሮች በሚጠቀሙበት በባይናሪው ዓይነት እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን 50 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 60 ሜጋባይት ማለት ወደ 1.2 ሚሊዮን ሦስት ማዕዘን ነው። ወደ ሶሊድ ቀይር ስትለው ፍሪካድ እያንዳንዷን ቁራጭ እንደ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ቆጥሮ ጠርዝ ለጠርዝ ሊሰፋ ይነሳል። ቢሳካለትም የኩሽኔታው ቀዳዳ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ጠፍጣፋዎች ስብስብ ሆኖ ይቀራል፤ ሲሊንደር መሆኑን፣ መሐል መሥመር እንዳለው፣ ዲያሜትሩ ስንት እንደሆነ የተጻፈበት ቦታ የለም። አንተም ልለውጠው ብለህ የያዝከው ከእነዚያ ቁራጮች አንዷን ነው። ሌላም ልብ በል፦ ኤስቲኤል መለኪያውን አይጽፍም። ቁጥሩ ሚሊሜትር ይሁን ኢንች ፋይሉ አይነግርህም፤ የከፈተው ፕሮግራም በኢንች ከተረጎመው ዕቃው 25.4 እጥፍ ያብጣል። የከፈትክ ዕለት አንድ በእጅህ የለካኸውን ርዝመት አመሳክር።

አሁን ላፕቶፑን ዝጋውና ወደ ወፍጮ ቤቱ ሂድ።

የወፍጮ ሻፍት በአንድ ኩሽኔታ አይቆምም። በሌላው ጫፍ ወንድም የሆነ የኩሽኔታ ቤት አለ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላው ፑሊው ያለበት ወገን ስለሆነ ያኛው በደህና ሁኔታ ሊገኝ ይችላል። ያ ደህናው ለአንተ ከስካኑ የበለጠ ዋጋ አለው። ፍታው፣ በናፍጣ እጠበው፣ ግራሶውንና ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አንሳ፣ ከዚያ ለካ። የተሰበረውንም ቢሆን በጣትህ ዳስሰው። የኩሽኔታው ውፍረት 23 ነው፤ ቤቱ ከዚያ ከሰፋ ኩሽኔታው ያልደረሰበት ቀጭን ቀለበት በአንዱ ወይም በሁለቱም ጠርዝ ይቀራል። ጥፍርህን ከውጭ ወደ ውስጥ ብትስብ ከቀለበቱ ወደ ተበላው የምትወርድበት ትንሽ ደረጃ ትሰማለህ። የተበላው መስተዋት መስሎ ያበራል፤ ያልተነካው ደግሞ የፋብሪካው ቢላ የተወው ጭረት አሁንም ይታይበታል። የመጀመሪያው ልክ የሚገኘው እዚያች ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ላይ ነው። በውስጥ ማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ፣ ቺንጋው በሚስብበትና በእሱ ወርድ፣ ለካት።

ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ልክ ግን ከመሠረቱ እስከ ቀዳዳው መሐል ያለው ከፍታ ነው። ዲያሜትሩን ኩሽኔታው ራሱ ይነግርሃል፤ ከፍታውን የሚነግርህ ካታሎግ የለም። ደህናውን ቤት ከነኩሽኔታውና ከአንድ ቀጥ ያለ ሻፍት ጋር ወፍራም መስተዋት ወይም የተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አቁመው፤ ከጠረጴዛው እስከ ሻፍቱ ጀርባ ለካ፤ የሻፍቱን ግማሽ ቀንስ። ለምሳሌ ጀርባው 132.00 ከመጣና ሻፍቱ 40.00 ከሆነ መሐሉ 112.00 ላይ ነው። ስካኑ 111.8 ቢልህ አትደንግጥ፤ የተበላ ቀዳዳ መሐሉ ብረቱ ወደተበላበት ወገን ይሸሻል። ሁለቱ ቤቶች በከፍታ ከተለያዩ ግን ሻፍቱ ተጣሞ ይቀመጥና ሁለቱንም ኩሽኔታዎች አብሮ ይበላቸዋል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ሜሹን በፍሪካድ ሜሽ ወርክቤንች ክፈትና የተንሳፈፉ ቁርጥራጮችን አጥፋ። ከዚያ ዲሲሜሽን በሚለው ትእዛዝ ወደ 100 ሺህ ወይም 150 ሺህ ሦስት ማዕዘን አውርደው። ለመለኪያ ይበቃሃል፣ ላፕቶፑም ይተነፍሳል። ዋናውን ፋይል ግን ሳትነካ ለብቻው አስቀምጥ። ማለስለሻውን ትእዛዝ ተወው፤ ሜሹ ያማረ ይመስላል እንጂ ጠርዞቹ ይሟሟሉ፣ ሲሊንደሮቹም ይጠባሉ። ክፍት የቀሩ ቀዳዳዎችንም ሁሉ ልድፈን ብለህ ጊዜ አታባክን፤ ሜሹን እንደ ማስመሪያ እንጂ እንደ ምርት አትጠቀምበትም።

ቀጥሎ ያለው ማሰለፍ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚዘለውም ይኸንኑ ነው። ስካነሩ ዕቃውን ያየበት አቅጣጫ የዘፈቀደ ስለሆነ ሜሹ አየር ላይ አጋድሎ ይከፈታል። መጀመሪያ መሠረቱን፣ ከማሽኑ አካል ጋር የሚገጥመውን የታረሰ ገጽ፣ ዜሮ ከፍታ ላይ አስተኛው። ሁለተኛ የቀዳዳውን መሐል መሥመር ከአንዱ አክሲስ ጋር ትይዩ አድርግ። ሦስተኛ የቀዳዳውን አንድ የታረሰ ጎን ዜሮ አድርገህ ወዲያና ወዲህ መንሸራተቱን አቁም። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ፤ ፋብሪካውም መጀመሪያ መሠረቱን አርሶ፣ በእሱ ላይ አስሮ ነው ቀዳዳውን የቦረቦረው። የተጣለውን ሻካራ ጎን ይዘህ ብታሰልፍ ከዚያ በኋላ የምትለካው ሁሉ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይዘምና ምክንያቱ ይጠፋሃል። ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ የሚለው ወርክቤንች ከመረጥከው የሜሽ ክፍል ላይ ፕሌን ወይም ሲሊንደር ያወጣልሃል። ስትመርጥ ከጠርዝ ራቅ በል፤ የቀዳዳውን ሲሊንደር ስታወጣም ከዚያች ካልተበላችው ቀለበት ብቻ ውሰድ።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ ዕቃውን በሁለት ክፈለው፦ የታረሰና የተጣለ። የታረሰው መሠረቱ፣ የኩሽኔታው ቀዳዳ፣ የቀዳዳው ጎኖችና የብሎን ቀዳዳዎቹ ናቸው፤ እነሱ ላይ በመቶኛ ሚሊሜትር ትጨነቃለህ። የቀረው ሁሉ፣ ክንፎቹ፣ ሆዱ፣ የጎን ግድግዳው፣ አሸዋ ውስጥ የተፈጠረ ቆዳ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ወዲያ ወዲህ ቢል ወፍጮው አያውቀውም። የማየው ስህተት ተቃራኒው ነው። ወጣቶቻችን የክንፉን ጉብጠት በስፕላይን (በተጣጣፊ መሥመር) እየተከተሉ ሁለት ቀን ይፈጃሉ፤ ቀዳዳውን ግን ስካኑ ባለው ቁጥር በአንድ ደቂቃ ያልፉታል። ያሳዝነኛል፤ ትጋቱ ትክክል ሆኖ ቦታው ተሳስቷልና።

ለስኬቹ (ሶሊዱ ለሚነሳበት ጠፍጣፋ ሥዕል) ክሮስ ሴክሽን በሚለው ትእዛዝ ሜሹን በመሐሉ ቁረጠው። የተቆረጠው መሥመር ይንቀጠቀጣል፤ በላዩ ላይ ቀጥታ መሥመርና ቅስት ብቻ ተጠቅመህ ንጹሕ ስኬች ሥራ። መሠረቱን በፓድ (ስኬቹን ስቦ ውፍረት በሚሰጠው ትእዛዝ) አንሳ፣ የቀዳዳውን ዙሪያ ሌላ ፓድ አድርግ፣ ክንፎቹን ጨምር፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹን ቁረጥ። ፊሌቶቹ (የጠርዝ ማክበቢያዎቹ) መጨረሻ ይግቡ። 112ን፣ 90ን፣ የብሎን ርቀቱን በስማቸው በሰንጠረዥ አስቀምጥ፤ ነገ ሌላ ወፍጮ 6309 ይዞ ቢመጣ፣ የእሱ ውጭ 100 ውፍረቱ 25 ነው፣ ቁጥሮቹን ለውጠህ ግድግዳው መብቃቱን ብቻ ታያለህ። ከሶሊድ የምታገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

የብሎን ቀዳዳ ላይ አንድ የራሴን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት የውሃ ፓምፕ ክዳን እንዲህ ሠርቼ ነበር፤ ስድስት ብሎን ያለው። የእያንዳንዱን ቀዳዳ መሐል ከስካኑ ለቅሜ እንደመጣ አስቀመጥኩት። ከመሐል እስከ ቀዳዳው ያለው ርቀት አንዱ 64.8፣ አንዱ 65.3፣ አንዱ 65.1 ይል ነበር። አላጠያየቀኝም፤ ስካኑ ነዋ። ክዳኑ ተሠርቶ ሲመጣ አራቱ ብሎን ገባ፣ ሁለቱ አልገባም። ቀዳዳዎቹ በብሎን መጎተት ሞላላ ሆነው ነበር፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ግን አንድ 130 ሚሊሜትር ክብ ላይ በየ60 ዲግሪው የተከፈሉ ስድስት ቀዳዳዎች ነበር። በሞረድ እያሰፋሁ አስገባሁት፤ ባለቤቱ ግን ያን ሁሉ ቀን ውኃ በጀሪካን አስቀዳ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ቁጥር ሳይ የሚያስተሳስራቸውን አንዱን ሐሳብ ሳላገኝ አላልፍም።

ታዲያ ቁጥርን ማጠጋጋት ማለት ደስ ያለህን ሙሉ ቁጥር መምረጥ አይደለም። ምክንያት ያስፈልገዋል። ቀዳዳው 17.6 ከመጣ ለኤም16 ብሎን የተለመደው ማለፊያ 17.5 ስለሆነ 17.5 ትላለህ። የሁለት ብሎን ርቀት 152.3 ከመጣ ግን 152 ወይም 150 ለማለት አትቸኩል፤ 152.4 ማለት ልክ ስድስት ኢንች ነው። በየወፍጮ ቤቱ ካሉት የድሮ ሞተሮችና ማሽኖች መካከል የእንግሊዝ ሥራ የሆነ ሊኖር ይችላል፣ የእነዚያ ልክ ኢንች ነው። የብሎኑን ጥርስ በጥርስ መለኪያ ብታይ 55 ዲግሪው የእንግሊዙ ዊትዎርዝ፣ 60 ዲግሪው ሜትሪክ ወይም የአሜሪካ ኢንች መሆኑ ይገለጥልሃል፤ ማሽኑ በየትኛው ቋንቋ እንደተሳለ እሱ ይነግርሃል። ምክንያት ላላገኘህለት ቁጥር የለካኸውን እንዳለ ተወው፤ ከጎኑም «የተለካ» ብለህ ጻፍ።

ሞዴሉ ሲያልቅ መልሰህ ከስካኑ ጋር አስተያየው። ሶሊዱን በኤስቲኤል አውጥተህ ከዋናው ስካን ጋር ክላውድኮምፔር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈት፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በቀለም ያሳይሃል። ቀለሙን ማንበብ ግን ልምድ ይጠይቃል። ሁሉም አረንጓዴ እንዲሆን አትጠብቅ። የኩሽኔታው ቀዳዳ ላይ የመበላቱን ያህል ልዩነት መታየት አለበት፤ እዚያ አረንጓዴ ከሆነ እንዲያውም በሽታውን ቀድተሃል ማለት ነው። በተጣለው ቆዳ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ቢዥጎረጎር ምንም አይደለም። የሚያስፈራው አንድ ወገን በሙሉ ቀይ፣ ተቃራኒው በሙሉ ሰማያዊ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ማሰለፉ ስለተሳሳተ ወደዚያው ተመለስ።

ሌላው መፈተሻ ወረቀት ነው። የመሠረቱን ገጽ ከነብሎን ቀዳዳዎቹ በልኩ አትም፤ ጥጉ ላይ 100 ሚሊሜትር መሥመር ጨምርበትና ማተሚያው እንዳላሳነሰው በካሊፐር ለካው። ወረቀቱን ወስደህ ወፍጮው አካል ላይ አንጥፈው። ብሎኖቹ በወረቀቱ ቀዳዳዎች መሐል ከወጡ ብረት መቁረጥ ትችላለህ። አንድ ወረቀት አንድ ሙሉ ብረት ያድናል።

ስለ አሠራሩ አልጠየቅህም፤ ሞዴሉን ግን የሚወስነው እሱ ነው። ይህን ዕቃ መልሶ በካስት አይረን ማስጣል ካሰባችሁ ግድግዳዎቹ ከአሸዋው እንዲላቀቁ ከአንድ እስከ ሦስት ዲግሪ መዝመም አለባቸው። የሚታረሱት ቦታዎች ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ትርፍ ሥጋ ይፈልጋሉ፤ ብረቱ ሲበርድ አንድ ከመቶ ያህል ስለሚሰበሰብም የእንጨቱ ሞዴል በዚያው ልክ ይተልቃል። እነዚህን ትርፎች ከዋናው ሶሊድ ጋር አታደባልቃቸው፤ የማስጣያውን ቅጂ ለብቻው አድርገው። ለአንድ ወፍጮ ግን እኔ ብሆን አላስጥልም። መሠረቱን ከ20 ሚሊሜትር ላሜራ፣ ቀለበቱን ከወፍራም ክብ ብረት፣ ክንፎቹን ከላሜራ ቆርጬ እበይደው ነበር። እንዲህ ከሆነ የድሮውን ቆዳ መቅዳት ጭራሽ አያስፈልግህም፤ ሶሊድህ የታረሱትን ገጾች በቦታቸው የሚይዝ ቀላል አካል ይሆናል፣ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለህ።

ብየዳ ብረት ስለሚስብ ቀዳዳውን ከመበየድህ በፊት አትጨርሰው፤ አራት አምስት ሚሊሜትር አትርፈህ በይደው፣ ቀስ ብሎ ይብረድ፣ መሠረቱን እረስ፣ ቀዳዳው የመጨረሻው ይሁን። ቶርኖ ስላላችሁ ደግሞ ይህን አድርጉ፦ ቤቱን ቶርኖው ክሮስ ስላይድ (ቢላ ተሸካሚው ተንሸራታች) ላይ እሰሩት፣ ከሥሩ ላሜራ እየደገፋችሁ መሐሉን ከቶርኖው መሐል ጋር አስተካክሉ፣ በሁለቱ ሴንተሮች መካከል በቆመ የቦሪንግ ዘንግ ቦርቡሩ። ወንድምየው ቤትም ተበልቶ ከተገኘና ሁለቱንም አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ጎን ለጎን አስራችሁ በአንድ ጊዜ ቦርቡሯቸው። ከፍታቸው በመቶኛ እንኳ አይለያይም።

ለአባትህ ቶርኖው ላይ የሚሰጠው ግን ሶሊዱ አይደለም። ሶሊዱ 90 ይላል፣ ከ90.000 እስከ 90.035 የሚለው ቶለራንስ (የሚፈቀደው የልክ ወሰን) የሚጻፈው ወረቀቱ ሥዕል ላይ ነው። ሻፍቱም ኩሽኔታው በሚቀመጥበት ቦታ 40 ኬ6፣ ከ40.002 እስከ 40.018፣ መሆኑን አጣራ፤ ሻፍቱ ተበልቶ ከሆነ አዲስ ቤት ብቻውን አያድነውም። ወደ ሌላ ወርክሾፕ የምትልክ ከሆነ ስቴፕ ፋይል አድርገህ ከሥዕሉ ጋር ላክ፤ ስቴፕ ሲሊንደርን እንደ ሲሊንደር ስለሚያስቀምጥ የትኛውም የካድ (የዲዛይን) ፕሮግራም ያነበዋል።

ወፍጮ ሲቆም እህል ተሸክመው ሌላ ሰፈር የሚሄዱት እናቶች ናቸው፤ ስለዚህ ነገ ሳይረፍድ ሂድ። ደህናውን ቤት ስትፈታ ሻፍቱን በእንጨት ደግፈው፣ ተንጠልጥሎ እንዳይጣመም። ሦስት ቁጥር ላክልኝ፦ ያልተበላችው ቀለበት ዲያሜትር፣ ከመሠረት እስከ መሐል ያለው ከፍታ፣ የብሎኖቹ ርቀት። የብሎኑን ጥርስም በፎቶ ጨምርበት።